የተገለበጠ ክንፍ

ሊቶሪናዋ የፈረሰች ለታ
አባቴ ከጣሪያዋ ሁለት ቅጠል አሉሚኒየም
በብስክሌት ጭኖ ወደ ቤት መጣ፤
«አንድ ቀን ይፈለጋል» አለና አልጋ ሥር ሰደደው፣
በወሩ እሱም ጡረታ ወጣ።

አሥራ ስድስት ዓመት ማንም አልፈለገው።
አቧራ ተኛበት፣ ድመት ወለደችበት፣
እኔም እያደግሁ ስሄድ መኖሩን ረሳሁት።

ዘንድሮ ነው እንግዲህ፣ ረምዚ በደጄ
ቀይ ሴሊካውን ሲያቆም፣
የጅቡቲ ጨው የላሰው ቀለሟ
ከበሯ ሥር እንደ ቆዳ እየተላጠ፤
«አቦ ስማኝ» አለኝ፣ ላቡን ጠርጎ ተቀመጠ።
«ኩርባ ላይ መቶ ሃያ ስትገባ
ቂጧ ይቀላል፣ መሪው ይሳሳል፣
መሬቱ ከእጄ ይሸሻል።
ክንፍ ሥራላት።»

እኔ ላታሜራ ነኝ።
የባጃጅ ጎን አቃናለሁ፣ የሚኒባስ በር እገጥማለሁ፤
ክንፍ ግን ሠርቼ አላውቅም።
አውሮፕላን በጣሪያዬ ላይ ሲያልፍ
አንገቴን ሰብሬ አይቻለሁ እንጂ፣
እሱንም በሆዱ በኩል፣ ከሥር።
እንዳየሁት ሠራሁት፤ ሌላ ምን ልፈጥር?

የጎድን አጥንቱን ከኮምፔሳቶ፣
ቆዳውን ከአባቴ አልጋ ሥር፣
ግንባሩን በውኃ ቧንቧ ላይ ጠቅልዬ፣
ጅራቱን እንደ ቢላ አሳስቼ፣
ሰባ ሁለት ሪቬት አንድ በአንድ ቆጥሬ።
ግንቦት ነበር። ላሜራው በካልሲ ካልሆነ አይያዝም።
ድሬ ከሰባት እስከ አሥር ደጇን ዘግታ
ጉንጯን ወጥራ ጥላ ውስጥ ስትጋደም፣
የኛ መዶሻ ብቻ ነው የማይጋደም።
አዴ ኢፍቱ በአጥር በኩል ብቅ አሉ፤
«ሰው ያሸልብበት! ደግሞስ ይሄ ምንድን ነው፣
መኪና ላይ የልብስ መተኮሻ የሰቀላችሁት?»
አልተሳሳቱም። እሱን ነው የሚመስለው።

እሑድ ንጋት፣ ከሽንሌ ወዲህ፣
ለመጋዘን ተነጥፎ መጋዘኑ የቀረበት አስፋልት፤
ኖራ ተሰምሯል፣ አሮጌ ጎማ ተከምሯል።
ሁለተኛዋ ኩርባ ላይ ሴሊካዋ
ከኋላዋ ብድግ አለች፣
ሁለቴ ዞረች፣ ጎማው ክምር ውስጥ ገብታ
በጥቁር አቧራ ተሸፈነች።
ረምዚ በመስኮት ወጣ። ሳቀ።
ከዚያ ቁጭ ብሎ አስመለሰ።

ሰሚራ የምትባል እህት አለችው፣ አሥራ አንደኛ ክፍል፤
ቃል ሳትተነፍስ ከሹራቧ እጅጌ ክር መዘዘች፣
ጣት ጣት እያሳከለች ቆርጣ
በክንፉ ላይ በፕላስተር ለጠፈች።
«በቀስታ ንዳት» አለችው ወንድሟን፣
እኛም በባጃጅ ከኋላ ተከተልን፣
ክሩ ሲርገበገብ እያየን።
«ክንፉ ልክ ነው፣ ጋሼ» አለች በመጨረሻ፣
«ነፋሱ ሳይላቀቅ ነው የሚያልፍበት።
የሰቀልከው ግን ለሚበር ነው።
እሷ መብረር ምን ያደርግላታል? ገልብጠው።»

ገለበጥሁት።
ስምንት ብሎን፣ ስምንት ዳዶ፣
እፍረቴንም አብሬ አጠበቅሁት።

አባቴ የመጣው በሚቀጥለው እሑድ ነው፣
ዱላውንና የኪስ ሰዓቱን ይዞ።
ክንፉን በጣቱ አንኳኳ፤
ከቀለሙ ሥር የድሮው ቁጥር አለ፣ ግማሽ ሰባት፣
ስቱኮ ልለስንበት ያሰብሁት ጠባሳ።
«ተወው» አለኝ፣ «እሱ አይነካ።»

ሄዶ ኩርባው ጥግ ቆመ፣ ባቡር እንደሚቀበል።
ሴሊካዋ መጣች፣ አስፋልቱን ነክሳ፣
ሆዷን እንደ እንሽላሊት ምድር ላይ አድርጋ፣
ክሮቹ ሁሉ ክንፉ ላይ ተኝተው፣ አንዱ እንኳ ሳይነሳ።

እሱ ክሩን አላየም። ሰዓቱን ነበር የሚያየው፤
ክዳኑን ቀጭ አድርጎ ዘጋና
«በሰዓቷ ገባች» አለ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ምድር ባቡር ሲያገለግል
ይህን ቃል ሲል የሰማው የለም።